ያልተጻፈው መመሪያ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲያልፍ በጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል የሚወርደው መንገድ በዩኒፎርም ይሞላል። ታናናሾቻቸውን በእጃቸው የያዙ ታላላቆች፣ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ ሕፃናት፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ትናንት ያልሠሩትን የቤት ሥራ በመንገድ ላይ የሚጠያየቁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይጎርፋሉ። ከሴቶቹ መካከል ሻሻቸውን ከዩኒፎርማቸው ቀለም ጋር ያስማሙ አሉ። ጥቁር የለበሱም፣ እስከ ወገብ የሚወርድ ኺማር ያጠለቁም አሉ። አጠገባቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘው የሚሄዱት ጓደኞቻቸው አንገት ላይ ደግሞ ጥቁር ማዕተብ ይታያል።

መንገዱ ሲያልቅ በር አለ፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። በአዲስ አበባ የሂጃብ ጉዳይ ክርክር ሲሆን የሚጀምረው እዚህ ነው። አነጋገሩ አጭር ነው።

«እናቴ፣ ይሄ ረጅሙ አይቻልም ተብሏል።»

«ማን አለ ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ? ከላይ ነው የመጣው።»

ተማሪዋ ወደ ዩኒት ሊደሯ ትመራለች። ዩኒት ሊደሯ ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ትልካታለች፤ ምክትሉ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ይላል። አባት ወይም እናት በማግስቱ ከሥራ አስፈቅደው ሲመጡ የሚያገኙት መልስ አንዲት ቃል ናት፦ «መመሪያ ነው።» ቁጥሩ ስንት ነው? ማን ፈረመበት? መቼ ወጣ? ግልባጭ ይሰጠኛል? እስከዚህ ድረስ የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው፤ ጠይቆ ወረቀት የሚያገኝ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ልጅቷ እስከዚያ ወይ ሻሿን አሳጥራ ትገባለች፣ ወይ ሁለት ቀን ከትምህርት ትቀራለች፣ ወይ ነገሩ «በሽምግልና» አልቆ እስከሚቀጥለው ርዕሰ መምህር ድረስ ይዳፈናል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በሌሎቹ ክፍለ ከተሞች በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሻሽ የለበሰች ተማሪ እንደ ማንም ትገባለች፣ እንደ ማንም ትማራለች። ውዝግቡ የሚነሳው አንድ ነገር ሲለወጥ ነው። አዲስ ርዕሰ መምህር ሲመጣ፣ ሻሹ ሲረዝም፣ በእረፍት ሰዓት የሚሰግዱ ተማሪዎች ጉዳይ ሲጋጋል፣ ወይም በሌላ ከተማ የተፈጠረ ነገር በስልክ ስክሪን ላይ ሲዞር ይነሳል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር ደግሞ ከሻሹ ርዝመት ይቀድማል፦ ክልከላ ካለ ይጻፍ።

ዕጣ ያገናኛቸው

ጀሞ አንድ፣ ሁለትና ሦስት፣ ከእነሱም ጋር ለቡና ሐና ማርያም አካባቢ ያሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በዕጣ የተሞሉ ሰፈሮች ናቸው። ከመርካቶ ዙሪያ የመጣ ነጋዴ፣ ከልደታ የተነሳ ጡረተኛ፣ ከካዛንቺስ የመጣች ቡና ቤት ሠራተኛ አንድ ደረጃ ላይ የተገናኙት የዕጣ ቁጥራቸው ስለወጣ ብቻ ነው። በድሮው አዲስ አበባ ሰው ከመስጊዱ ወይም ከደብሩ ብዙ ሳይርቅ ይሰፍር ነበር፤ ኮንዶሚኒየሙ ያንን ልማድ አፈረሰው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 16.2 በመቶው፣ ከአገሪቱ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነበር። ጀሞ ላይ ይህ ቁጥር በየፎቁ ይታያል፦ በአንደኛው በር ላይ የረመዳን ሾርባ ይሸታል፣ በሁለተኛው የጾም ሽሮ።

የሰፈሩ ትምህርት ቤትም የሰፈሩን መልክ ይይዛል። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማደል ሲጀምር ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የድሃና የሀብታም ልጅ በልብስ መለየቱ ቀለል አለ። ሻሹ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። አንዳንዷ እናት ከዩኒፎርሙ ጋር የሚመሳሰል ጨርቅ ፈልጋ ታሰፋለች፣ አንዳንዷ ቤት ያለውን ታለብሳለች። ስለዚህ አንድ ዓይነት እንዲሆን በታሰበው ልብስ ላይ ሥርዓት ያልወጣለት አንድ ቁራጭ ጨርቅ አለ፤ ሥርዓት ያልወጣለት ነገር ደግሞ የዘበኛ ፈራጅነት ይበዛበታል። ቀለሙ እንዲህ፣ ርዝመቱ እስከዚህ ይሁን ብሎ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር ተስማምቶ መጻፍ የሚያስቸግር ሥራ አይደለም። ግማሹ ጠብ እዚያው ይሞት ነበር።

ሦስት አንቀጾችና አንዲት ሐረግ

ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ለሚያነብ ሰው ጉዳዩ የሚያርፈው በሦስት አንቀጾች ላይ ነው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱ በሌላው ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ማንም ሰው ሃይማኖቱን ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር፣ በይፋ ወይም በግል የመከተል፣ የመተግበርና የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተፅዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዝዛል።

ከልካዩ ወገን የሚይዘው የመጨረሻውን ነው። ክርክሩም ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። የትምህርት ቤት ግቢ ልጆች ከእምነታቸውና ከብሔራቸው በፊት ተማሪ ሆነው የሚገናኙበት ብቸኛው ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ በሻሽ የተጀመረው ነገ በስግደት፣ ከነገ ወዲያ በጉባኤ ይቀጥላል፤ ሻሽ ያልለበሰችው ሙስሊም ልጅ ከጓደኞቿ የምትሰማው ወቀሳም አለ። ይህን ከመምህራን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚሉትም በጥላቻ ብቻ አይደለም።

ነገር ግን ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ትምህርቱ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱን፣ አስተማሪውን፣ የፈተናውን ጥያቄ፣ የተማሪ አቀባበሉን ይመለከታል። የባዮሎጂ መምህር ክፍል ውስጥ ገብቶ እንዳይሰብክ ይከለክላል። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ ፀጉሯን መሸፈኗ የትምህርቱን አካሄድ ሃይማኖታዊ ያደርገዋል ለማለት ብዙ መራመድ ያስፈልጋል። ያን ያህል ከተራመድን ደግሞ ማዕተቡም አብሮ ይመጣል፤ ማዕተብ ይፈታ የሚል ርዕሰ መምህር ግን በዚህ ከተማ አንድ ሳምንት የሚቆይ አይመስለኝም፣ ሊቆይም አይገባም።

ዋናዋ ሐረግ ያለችው በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 ውስጥ ነው። ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ፍጹም አይደለም፤ ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሕዝብ ሞራል፣ ለሌሎች ሰዎች መሠረታዊ መብት፣ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ ሲባል ሊገደብ ይችላል። ሆኖም ገደቡ የሚመጣው በሚወጣ ሕግ ነው። ዝርዝሩ ሰፊ ነው፤ ከልካዩ ምክንያት አያጣም። መንገዱ ግን አንድ ነው። «ከላይ ተብሏል» ሕግ አይደለም። የስብሰባ ላይ ማሳሰቢያ ሕግ አይደለም። በቴሌግራም የተላለፈ ማስታወቂያም እንዲሁ። እዚያው አንቀጽ ላይ ንዑስ አንቀጽ 3 ማንም ሰው በእምነቱ ጉዳይ እንዳይገደድ ይጠብቃል፤ ይህ መልበስ የማትፈልገውንም ልጅ ይመለከታል። ጓደኛዋን «ለምን አልለበስሽም» እያለች የምታስጨንቅ ተማሪ ካለች የትምህርት ቤቱ ሥራ ያቺን አስጨናቂ መገሠጽ ነው፤ የሁሉንም ሻሽ ማስወለቅ መፍትሔ አይሆንም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ መሣሪያ አለ፦ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012። ስሙ ደረቅ ስለሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ይዘቱ ለተራ ዜጋ የተጻፈ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ መመሪያው እንዲመዘገብ፣ ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆን ያስገድዳል። በውሳኔ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ አቅርቦ፣ ካልረካ በፍርድ ቤት ውሳኔው እንዲከለስለት መጠየቅ ይችላል። አዲስ አበባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የነፋስ ስልክ ላፍቶ ወላጅ ከዚህ አዋጅ ርቆ አይኖርም።

የ2000ው ወረቀት

የተጻፈ ነገር ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. በትምህርት ተቋማት ስለ አለባበስ፣ ስለ አመጋገብና ስለ አምልኮ የሚደነግግ መመሪያ አውጥቶ ነበር። ፊትን የሚሸፍነው ኒቃብና በግቢ ውስጥ የሚደረግ የጋራ ስግደት የተከለከሉት በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዩኒቨርሲቲዎች የተነሱት ብዙዎቹ ውዝግቦች የዚህ ወረቀት ልጆች ናቸው።

መመሪያውን መውደድም መጥላትም ይቻላል። የክልከላው ዒላማ ግን ግልጽ ነው፦ ፊት። ፀጉርንና አንገትን የሚሸፍነው ሂጃብ ሌላ ነገር ነው። በየበሩ የሚሆነው የሁለቱ መደባለቅ ነው። «ኒቃብ ተከልክሏል» የሚለው ወሬ ከሚኒስቴሩ ተነስቶ ቢሮ፣ ከቢሮ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወረዳ እያለ በር ላይ ሲደርስ «ረጅሙ ተከልክሏል»፣ አንዳንዴም «ጥቁሩ ተከልክሏል» ይሆናል። የአገራችን ሰው በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላል፤ በቃል ያለው መረሳት ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይ ያድጋልም።

ኒቃብን በተመለከተ የእኔ አስተያየት ከጀሞ ወላጆች ሁሉ ጋር ላይስማማ ይችላል። ፈታኝ የተፈታኙን ማንነት ማረጋገጥ አለበት፤ ይህ ሊታለፍ የማይችል ጥያቄ ነው። በተለይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ተማሪው ከሚያውቁት መምህራን ርቆ በማያውቁት ፈታኞች ፊት ስለሚቀመጥ የመታወቂያ ፍተሻው ጠበቅ ብሏል። ሻሽ ውስጥ የጆሮ ማዳመጫ ይደበቃል የሚለው ሥጋትም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ነገር ግን ለሁለቱም ሴት ፈታሽ፣ አንድ መጋረጃና ሁለት ደቂቃ ይበቃሉ። ፊትን አሳይቶ ማንነትን ማረጋገጥ አንድ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ምን ተለብሶ ይዋል የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው አስፈላጊ ስለሆነ ሁለተኛውም ተፈቷል ማለት አይቻልም፤ ለሁለተኛው የሚቀርበው ምክንያት ብቻውን መቆም አለበት።

አክሱም

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ይህ ሁሉ ነገር ከበር ላይ ሹክሹክታ ወጥቶ አገር ሙሉ የሚያየው ጉዳይ ሆነ። በአክሱም ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች እንዳይገቡ ተከለከሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት 159 ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን፣ ከእነሱም መካከል ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መመዝገብ ያልቻሉ መኖራቸውን አስታወቀ። ምክር ቤቱ ጉዳዩን ወደ አክሱም ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ፍርድ ቤቱም በጥር ወር ክልከላውን የሚያቆም ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። ትእዛዙ አልተከበረም የሚል አቤቱታ ተከተለ፤ ጥር 13 ቀን በመቀሌ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ።

አክሱም አክሱም ስለሆነች ነገሩ ከልብስ በላይ ነበር። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የጽዮን ከተማ ናት፤ በከተማዋ ውስጥ መስጊድ እንዳይሠራ የሚለው አቋም የቆየ ነው። ሙስሊሙ ደግሞ የነቢዩን ተከታዮች የተቀበለው ንጉሥ አገር ናት ይላታል፤ እዚያው ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ የነጃሺ መስጊድ አለ፣ እሱም በ2013ቱ ጦርነት ተጎድቷል። ሁለቱም ወገን ታሪክ ይጠቅሳል። የአንዲት ተማሪ ክፍል ውስጥ መግባት አለመግባት ግን በአክሱማይት ዘመን ታሪክ ሊወሰን አይችልም። ከተማ ቅዱስ ሊሆን ይችላል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ግን የሚተዳደረው በግብር ከፋዩ ገንዘብና በሕገ መንግሥቱ ነው።

ለጀሞ ወላጅ ከአክሱም የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ተማሪዎቹ ሂጃብ ለብሰው እንዲማሩ የሚል አቋም ይዞ ሳለ በሩ አልተከፈተም። ከበላይ ቢሮ የመጣ ደብዳቤና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ተደምረው አንድን ርዕሰ መምህር ማሸነፍ አቃታቸው። «ከላይ ነው የመጣው» የሚለው የአዲስ አበባው ዘበኛ ንግግር እዚያ ተገልብጦ ታየ፦ ከላይ የመጣው ተፈቅዷል ይል ነበር። በሩ የራሱን ሕግ ይጽፋል፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ ሳይጽፍ ያስፈጽማል።

ሰልፉ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከዚያ በፊት ያላየችውን የሙስሊሞች ሰልፍ አየች፤ ከክርስቲያኖችም አብረው የወጡ ነበሩ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ በሚደነግግበት አገር፣ እኩል ዜግነትን የሚጠይቅ ሰልፍ ነበር። ብዙ ወር ሳይቆይ በመጣው ደርግ ዘመን ሦስት የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳው የሙስሊሞች «ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ ሌላው ነው፤ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተፈረደባቸው፣ በኋላም ተፈቱ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ይህ የመጨረሻው ለክርክራችን ትንሽ አይደለም። ተቋም ስም ጠርቶ ሊከስ፣ ሊከሰስ፣ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ደግሞ የአባላቱን ጥቅም የሚወክል ማኅበር ወይም ቡድን ፍትሕ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ብቻዋን ርዕሰ መምህሯን እንድትከስ መጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው።

የጎረቤት ችሎቶች

ስለ ሂጃብና ሕግ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠቅሰው ፈረንሳይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎልተው የሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችን ከልክሏል። እኔ ከፈረንሳይ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ1989 ክሬይ በምትባል ከተማ በሦስት ተማሪዎች ሲጀመር የመንግሥቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሻሽ በራሱ ከትምህርት ቤቱ ዓለማዊነት ጋር አይጋጭም ብሎ ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት ተከራክረው ክልከላውን በፓርላማ አወጡት። ውሳኔውን ባልወደውም ማን እንደወሰነ፣ መቼ እንደወሰነ፣ ማን እንደተቃወመ ይታወቃል።

ከፓሪስ ይልቅ ኢሲዮሎ ትቀርበናለች፤ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። እዚያ ያለ፣ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሚደግፈው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙስሊም ሴት ተማሪዎቹ ከዩኒፎርማቸው ጋር ሂጃብና ነጭ ሱሪ እንዳይለብሱ በመከልከሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ለተማሪዎቹ ፈረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 2019 ውሳኔውን ሻረው፤ የሻረበት ዋና ምክንያት ግን ጥያቄው ለችሎቱ የቀረበበት ሥርዓት ትክክል አይደለም የሚል ነበር። በናይጄሪያ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሌጎስ ተማሪዎች ሂጃብ መልበስ እንደሚችሉ በአብላጫ ድምፅ ወሰነ።

ለእኛ ከሁሉም የሚበጀው የደቡብ አፍሪካው ይመስለኛል፤ ጉዳዩም የሂጃብ አይደለም። የደርባን ሴቶች ትምህርት ቤት የታሚል ሂንዱ ተወላጅ የሆነች ተማሪ የአፍንጫ ጌጧን እንድታወልቅ አዘዘ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወስን የዩኒፎርም ሥርዓትን አላፈረሰም። ሥርዓቱ ይኑር፤ ነገር ግን ለእምነትና ለባህል ምክንያታዊ ቦታ ይተው አለ። «ለእሷ ከፈቀድን ለሁሉም ልንፈቅድ ነው» ለሚለው ሥጋትም ልጆች ማንነታቸውን ይዘው መምጣታቸው የሚያስፈራ ነገር እንዳልሆነ መለሰ። በየስብሰባው «ዛሬ ሻሽ፣ ነገ ምን?» ለሚሉ ርዕሳነ መምህራን ይህ ፍርድ በአማርኛ ቢተረጎምላቸው መልካም ነበር።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም እዚህ ይገባል፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 13 የመብት ድንጋጌዎቹ ከእነዚህ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። የቃል ኪዳኑ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2004 በሻሿ ምክንያት ከታሽከንት የትምህርት ተቋም የተባረረች የኡዝቤኪስታን ተማሪን ጉዳይ አይቶ መንግሥቱን ጥፋተኛ አለ። የኮሚቴው ምክንያት ልብ ይሏል፦ መንግሥቱ ክልከላው ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት አልቻለም።

በእኛ አገር ሥርዓት ሕገ መንግሥትን የመተርጎም የመጨረሻው ሥልጣን የፍርድ ቤት አይደለም። ትርጉም ያስፈልገዋል የተባለ ጉዳይ አሥራ አንድ አባላት ወዳሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል። ይህ መንገድ ለሙስሊም ሴት ባዕድ አይደለም። ፌዴሬሽን ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. በከድጃ በሽር ጉዳይ ላይ ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊዳኝ እንደማይገባ ወስኗል። ያኔ ሕገ መንግሥቱ ሴቲቱን የጠበቃት በሃይማኖት ፍርድ ቤት ውስጥ ያለ ፈቃዷ እንዳትቀመጥ ነው። ያንኑ ፈቃድ፣ ያንኑ ምርጫ፣ ሻሽ ለመልበስ ለምትፈልገዋ ልጅ ለመተርጎም አዲስ መርህ መፍጠር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን ዓለም በአጭሩ ልለፈው፤ እዚያ ገበያው ከሕጉ ቀድሟል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሃይማኖትን ሠራተኛ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አድርጎ መያዝን ይከለክላል፤ ይህ ግን በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ፈገግ ብለው «እንደውላለን» የሚሉትን አያስቆምም። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ሲጀምር፣ ሂጅራ ባንክ ሲከተል፣ ሌሎቹ ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮታቸውን ሲያሰፉ፣ ሂጃብ የለበሰች ሠራተኛ መስታወት ጀርባ ተቀምጣ ገንዘብ ስትቆጥር ማየት ተራ ነገር ሆነ። ደንበኛ እንዳይሸሽ ሲባል ሻሽ የማይወድ መሥሪያ ቤት ደንበኛ ለማምጣት ሲባል ወደደው። ትምህርት ቤት ግን እንዲህ ያለ ገበያ የለውም፤ የቀበሌው ልጅ የሚማረው በቀበሌው ትምህርት ቤት ነው።

የፍርድ ቤት ሰዓትና የትምህርት ቤት ሰዓት

በእነዚህ ጉዳዮች ሁሉ የሚደጋገም ነገር ቢኖር ጊዜ ነው። የደርባኗ ተማሪ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሲፈርድላት ትምህርቷን ጨርሳ ወጥታ ነበር። የኢስታንቡሏ የሕክምና ተማሪ ለይላ ሻሂን እ.ኤ.አ. በ2005 በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ስትሸነፍ ትምህርቷን ወደ ቪየና አዛውራ ከርማለች፤ አገሯ ክልከላውን ያነሳችው ከዓመታት በኋላ ነው። በሕንድ ካርናታካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ክፍል እንዳይገቡ የተከለከሉት ተማሪዎች ጉዳይ በጥቅምት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሁለቱ ዳኞች እኩል ተከፈሉ፤ ወደ ሰፊ ችሎት ይመራ ተባለ። የአክሱም ተማሪዎችም የፈተና ምዝገባ ቀን የችሎት ቀጠሮን እንደማይጠብቅ አይተውታል። አዋቂ ተከራካሪ ሦስት ዓመት ቢጠብቅ ገንዘብ ይከስራል፤ ተማሪ ሦስት ዓመት ከጠበቀች ዕድሜዋ አልፏል።

ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 154 ጀምሮ የሚደነግገው ጊዜያዊ እግድ በዚህ ጉዳይ ከዋናው ፍርድ ይልቅ ይጠቅማል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አጣርቶ እስኪወስን ልጅቷ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ ማለት ነው። እግድ ለመጠየቅ ግን የሚታገድ ነገር መኖሩን ማሳየት ያስፈልጋል። የቃል ትእዛዝ እዚህ ላይ ነው ለከልካዩ የሚያመቸው፤ ጠበቃ «ደንበኛዬ ምንም አልከለከለም፣ ልጅቷ ራሷ ቀረች» ሲል የሚያስተባብለው ወረቀት የለም።

ወላጅ ያንን ወረቀት ራሱ ሊፈጥረው ይችላል። ልጁ የተከለከለችበትን ቀን፣ የከለከለውን ሰው የሥራ ድርሻ፣ የተባለውን ቃል በማመልከቻ ጽፎ፣ ምክንያቱና የክልከላው መሠረት በጽሑፍ እንዲገለጽለት ርዕሰ መምህሩን ይጠይቃል። መልስ ካጣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለክፍለ ከተማው ያቀርባል። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተመትቶ ለባለጉዳዩ ይመለሳል። መልስ ቢመጣም ባይመጣም ልደታ ያለው ችሎት መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።